የሰባት ወሩ ቀይ ወይን፦ ስድስት ቀን በቦርዶ

እሑድ

ከፓሪስ ሞንፓርናስ ተነስተን ቦርዶ ሴን ዣን ጣቢያ እስክንወርድ ሁለት ሰዓት ከምናምን ደቂቃ ፈጀብን። ፈጣኑ ሐዲድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ይህን ያህል ነው። ጋሼ ሙሉውን አንቀላፉ። ባቡሩ ፍጥነት ሲቀንስ አንድ ዓይናቸውን ገለጡና «ዋጋ እንዳትነግሪኝ። ነጥብም እንዳትነግሪኝ። እስክቀምስ ድረስ ምንም» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ለነገሩ ያን ሰዓት የማውቀው ዋጋም ነጥብም አልነበረም።

ጋሼ ፍራንክፈርት ላይ ለሁለት ምግብ ቤቶች ወይን ይገዛሉ። ጀርመንኛቸው ውሃ ነው። ፈረንሳይኛቸው ግን «ቦንዡር» ላይ ያበቃል። ስለዚህ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ መጣሁ። ክፍያዬ የባቡር ቲኬት፣ አልጋ፣ ምግብ እና ሳምንቱን ሙሉ ቀምሼ የምተፋው ወይን ነው። የሚተፋ ወይን በክፍያ ይቆጠራል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። መልስ አላገኘሁም።

የመጣንበት ነገር ፕሪመር ይባላል። ላልሰማ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በመስከረም የተለቀመ ወይን በሚያዝያ ይቀመሳል። ያኔ ወይኑ ገና በርሜል ውስጥ ነው። ጠርሙስ ለመግባት አንድ ዓመት ከዚያም በላይ ይቀረዋል። ግን ነጋዴውና ሐያሲው ከየአገሩ ይመጣል፣ ይቀምሳል፣ ነጥብ ይሰጣል። ከሳምንታት በኋላ ዋጋው ይወጣል። ገዢ ዛሬ ይከፍልና ዕቃውን ከሁለት ዓመት በኋላ ይረከባል። ጋሼ ባጭሩ ይገልጹታል፦ «ማኅፀን ውስጥ ያለች ልጅ ማጨት።»

ይህ የ2023 ሚያዝያ ነው፣ ተረኛውም የ2022 ምርት። ያ ዓመት በፈረንሳይ እስከዚያ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። ዝናብ ጠፋ። በሐምሌ ከከተማው በስተደቡብና በስተምዕራብ ያለው የጥድ ደን በቃጠሎ ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ አጣ። ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ሆነ። ልጣጭ ወፍራም ሲሆን ወይኑ ይጠቁራል፣ ይጎመዝዛልም። ሁሉም ሰው የጠበቀው የተቀቀለ የሚመስል፣ አልኮሉ የሚያቃጥል ወይን ነው። አሁን የሚወራው ግን ሌላ ነው። «አይ፣ ለስላሳ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ያስገርማል» ይላሉ። እኛም ለመገረም መጣን።

ማታ ወደ ወንዙ ወረድን። ጋሮን ማኪያቶ ይመስላል። ደለሉ ነው እንዲያ ያደረገው። ጋሼ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ቅስቱን ቆጥረው 17 አሉኝ። በመመለሻችን ካኔሌ በላን። ከላይ ያረረች፣ ከውስጥ እንደ ገንፎ የምትለሰልስ፣ ቫኒላና ሮም ያላት ትንሽ ኬክ ናት። የወይን ሰዎች ወይኑን ለማጥራት የእንቁላል ነጭ ይጨምሩበታል፣ ለአንድ በርሜል አምስት ስድስት እንቁላል። የተረፈው አስኳል ነው ይህችን ኬክ የወለደው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ሦስት በላሁ።

ሰኞ

ወንዝ ዳር ያለ ትልቅ አዳራሽ። ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ በየሁለት እርምጃው መትፊያ ባልዲ። ጠርሙሶቹ ጌጥ የላቸውም። የአምራቹ ቤት ስምና «ናሙና» የሚል ቃል ብቻ የተለጠፈባቸው ናቸው።

እስከ ምሳ አርባ ስምንት ወይን ቀመስን። ጥርሴ ሰማያዊ ሆነ። ከንፈሬ ላይ ቀለም የነካሁ እመስላለሁ። መትፋት ደግሞ ሙያ ነው ለካ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሽማግሌ እንግሊዛዊት ከአንድ ሜትር ርቀት ቀጥ ያለ ክር አስመስለው ባልዲው መሐል ያሳርፉታል። እኔ መጀመሪያ ጫማዬ ላይ፣ ቀጥሎ የጋሼ ካልሲ ላይ። «የኔ ልጅ፣ ጎንበስ በይ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

ወጣት ቀይ ቦርዶ አፍ ውስጥ ምን ያደርጋል? ታኒን የሚባለው ነገር ከልጣጩ፣ ከዘሩና ከበርሜሉ እንጨት ይመጣል። ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ምራቅ ማለስለሱን ያቆማል። ምላስ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፣ ድድ ይጨመደዳል። ያልበሰለ ሙዝ የቀመሰ ያውቀዋል። ጨርቋ በልቶ ጥርሱ የጠረሰም እንዲሁ። የፈረንሳይ ቀማሾች ለዚህ ስሜት ሃያ ቃል አላቸው። እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ይጎመዝዛል»፣ «ያንቃል»፣ «ይይዛል» ላይ ደርሼ ቃል አለቀብኝ። ጋሼ «ይይዛል» የሚለውን ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ማስታወሻቸው ላይ እሱን ብቻ መጻፍ ጀመሩ፦ ትንሽ ይይዛል፣ በጣም ይይዛል፣ ይዞ አይለቅም።

አንዱን ወይን ለይቼ ልንገራችሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ተከትሎናልና። የቤቱን ስም አልጠራም። ከከተማው በስተሰሜን፣ ሜዶክ ውስጥ ያለ የአንድ ቤተሰብ ርስት ነው፣ ከታዋቂዎቹ አይደለም። ቅልቅሉ ከግማሽ በላይ ካበርኔ ሶቪኞ የሚባለው የወይን ዘር ነው። የቀረው አብዛኛው ሜርሎ፣ መጨረሻ ላይ ጠብ ያለች ፔቲ ቬርዶ። ጋሼ ከዚህ ቤት ለዓመታት ገዝተዋል። ናሙናውን አፋቸው ውስጥ አዙረው፣ ተፍተው፣ ዝም አሉ። እኔም ቀመስኩ። ሽታ የለውም። አፍ ላይ ደርቋል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ መራራ። በር ዘግቶ የተቀመጠ ሰው።

«ታሟል?» አልኳቸው።

«ወይ እሱ ታሟል፣ ወይ እኛ።» ገጹ ላይ ጥያቄ ምልክት አደረጉ። ቀና ስል ከእኛ ጎን የቆመ ሰው፣ አንገቱ ላይ የጋዜጠኛ ባጅ ያለው፣ ያንኑ ናሙና ቀምሶ ስልኩ ላይ ይጽፋል። ጽፎ ለመጨረስ ያጠፋው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ወደሚቀጥለው ሄደ።

ማታ የጥርስ ሳሙናው እንኳን ጎመዘዘኝ።

ማክሰኞ

መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሜዶክ። ዲ2 የምትባለው ጠባብ መንገድ ማርጎ፣ ሴን ዡሊየን፣ ፖያክ፣ ሴንት ኤስቴፍ የሚባሉትን የወይን መንደሮች ትሰፋለች። ግራና ቀኝ ወይን ብቻ። ወይኑ አጭር ነው፣ ወገብ አይደርስም። በሚያዝያ ገና የአውራ ጣት የምታህል ቅጠል አውጥቷል። ከመኪና ወርጄ መሬቱን አየሁት። አፈር አይመስልም። የወንዝ ዳር ጠጠር ነው፣ እንቁላል የሚያህል፣ ነጭና ቡኒ። ድሮ አካባቢው ረግረግ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች ቦይ ቆፍረው አደረቁት። ጠጠሩ ውሃ አይዝም፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ዘግይቶ ለሚበስለው ለካበርኔ ሶቪኞ ይህ ሠርግና ምላሽ ነው። ሜርሎ ቀድሞ ይበስላል። ቀዝቃዛ፣ ውሃ የሚይዝ ሸክላ አፈር ይስማማዋል።

ለዚህ ነው ቦርዶ አንድ ዘር ይዞ የማይቀመጠው። ውርጭ ቀድሞ ያበበውን ሜርሎ ቢመታ ካበርኔ ይተርፋል። የመስከረም ዝናብ ካበርኔውን ቢያበላሽ ሜርሎው ቀድሞ ጓዳ ገብቷል። ቅልቅል እዚህ አገር መጀመሪያ ነገር ኢንሹራንስ ነበር። ጣዕም የሚባለው በኋላ መጣ ብል ብዙ አልሳሳትም።

ሴንት ኤስቴፍ ስንደርስ ኮስ ዴስቱርኔልን ከመንገድ አየነው። ወይን ቤት ነው ብሎ የሚገምት የለም። የእስያ ቤተ መቅደስ የሚመስል ጉልላት፣ የተቀረጹ ዝሆኖች፣ ከዛንዚባር ቤተ መንግሥት መጣ የሚባል በር። ጋሼ በሩን አይተው «እኛም ሰፈር የነበረ ዕቃ እዚህ ቆሟል» አሉ። ዛንዚባርን ሰፈራችን አድርገው።

ስለ ደረጃው ትንሽ። በ1855 ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ወይኖች ደረጃ ይውጣላቸው አለ። ያወጡት ደላሎች ናቸው። ቀምሰው አይደለም። የየቤቱን ዋጋ ከመዝገብ አይተው በአምስት እርከን ደረደሩ። አንደኛ የወጡት ቀዮች አራት ነበሩ፦ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ፣ ኦ ብሪዮን። በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከፍ አለ። ወረቀቱ ላይ የፈረመው የያኔው የግብርና ሚኒስትር ዣክ ሺራክ ነው። ከዚያ ውጭ ዝርዝሩ እምብዛም አልተነካም። የያኔ የገበያ ዋጋ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ሲገዛ አስቡት።

ከሰዓት ወደዚያ ዝም ወዳለን ወይን ቤት ገባን። የጓዳው ኃላፊ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው። ላስቲክ ቦት፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሐምራዊ። ጓዳው ቀዝቃዛ ነው። በርሜሎቹ ሁለት ረድፍ ተጋድመዋል። እያንዳንዱ 225 ሊትር፣ 300 ጠርሙስ ማለት ነው። ሽታው የአዲስ እንጨትና የዳቦ ቤት ድብልቅ ነው። በርሜሉን ሲሠሩት ውስጡን በእሳት ስለሚጠብሱት።

ሰኞ የቀመስነውን ነገርኳቸው፣ ለስለስ አድርጌ። ፊታቸው አልተለወጠም። «ሰኞ የቀረበላችሁ ዓርብ የተሞላ ነው» አሉ። «ሦስት ቀን መኪና ላይና መጋዘን ተንገላቷል። ይህ ሕፃን ነው። ሕፃን መንገድ አይወድም።» ከዚያ ጠዋት ከበርሜል ከቀዱት ጠርሙስ ቀዱልን።

ሌላ ወይን ነው። ማለቴ፣ ያው ወይን ነው፣ ግን ሌላ። መጀመሪያ ጥቁር እንጆሪና ካሲስ የሚባለው ትንሽ ጥቁር ፍሬ። ከኋላው አሁን የተቀረጸ እርሳስ ሽታ፣ የክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው ፍቅፋቂ። ይይዛል፣ ግን ይለቃል። ጋሼ አልተፉትም። ሳምንቱን ሙሉ ያልተፉት ይህን ብቻ ነው።

ሴትየዋ የጋሼን ፊት አይተው ደስ ሳይላቸው አልቀረም፣ «ኑ ላሳያችሁ» አሉን። ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጠርሙስ፣ መስመር ያለው የላብራቶሪ ብርጭቆና ፒፔት የሚባል አንድ የጠብታ ቱቦ አወጡ። ካበርኔውን ለብቻው ቀመስን። ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ መሐሉ ላይ ጎድጓዳ። ሜርሎውን ለብቻው። ክብ፣ ሞቅ ያለ፣ ቶሎ የሚጠፋ። ሁለቱን ቀላቀሏቸው። ጥሩ ነው፣ አለቀ ብለን አሰብን። ከዚያ በፒፔቱ ፔቲ ቬርዶ ጠብ አደረጉበት፣ ከመቶ ሚሊ ሊትር ውስጥ ምናልባት አራት። ቀለሙ ጠቆረ። ጫፉ ላይ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ነገር መጣ፣ እና ወይኑ የሚያልቅበት ቦታ ራቀ። ሌላ ጠብታ ጨመሩ። አሁን ተበላሸ፣ ፔቲ ቬርዶ ፔቲ ቬርዶ ብቻ አለ። በርበሬ የበዛበት ወጥ በሉት። ድሮ ይህ ዘር ብዙ ዓመት ሳይበስል ይቀር ነበር። ሙቀቱ ሲጨምር ጊዜው የሱ ሆነ።

«ይህ የመጨረሻው ቅልቅል ነው?» አልኳቸው።

ትከሻቸውን ነቀነቁ። ገና አንድ ዓመት በርሜል ውስጥ ይቆያል። በየሦስት ወሩ ከዝቃጩ እየለዩ ወደ ሌላ በርሜል ያዛውሩታል። በመሐሉ አንዱ በርሜል ሊያስቀይማቸው ይችላል፣ ያወጡታል። ታዲያ አሁን የሚቀመሰው ምንድን ነው? ግምታቸው ነው። ግምታቸውን ሐያሲው ይገምታል። በሐያሲው ግምት ላይ ደግሞ እኛ ገንዘብ እንከፍላለን።

ስንወጣ ከናሙናው የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ ቡሽ መትተው ለጋሼ ሰጡ። «በየቀኑ ቅመሱት» አሏቸው።

ረቡዕ

በባቡር ወደ ዶርዶኝ ወንዝ ቀኝ ዳርቻ፣ ወደ ሴንት ኤሚሊዮን። ከጣቢያው እስከ ከተማው የእግር መንገድ ነው፣ በወይኑ መሐል።

ከተማው ኖራ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አስጎብኚዋ በዓለም ስላሉ የአለት አብያተ ክርስቲያናት ስትዘረዝር ላሊበላ ላይ እስክትደርስ ጠብቀው ነበር፣ አልደረሰችም። ከወጣን በኋላ እኔው ላይ ወረዱብኝ፦ «ለምን አልነገርሻትም? አስተርጓሚ አይደለሽም?»

እዚህ ንጉሡ ሜርሎ ነው፣ አጋፋሪው ካበርኔ ፍራን። ካበርኔ ፍራን ዘሩ ትልቅ ነው። በ1990ዎቹ የተደረገ የዘረ መል ጥናት ካበርኔ ሶቪኞ የሱና የነጩ የሶቪኞ ብላን ልጅ መሆኑን አሳይቷል። ቀዩ ንጉሥ ነጭ ወላጅ አለው ማለት ነው። አጠገቡ ያለው ፖምሮል ወደ 800 ሄክታር ብቻ ነው፣ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም፣ በውድነቱ የታወቀውን ወይን ፔትሩስን ያወጣው ግን እሱ ነው። አልጠሩንም፣ አልገባንም። አጥሩን አየነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ካልተወራ የት ይወራል? የፓቪ ጠብ። ፓቪ የዚሁ የሴንት ኤሚሊዮን ወይን ቤት ነው። የ2003 ዓመት እንደ 2022 የሚያቃጥል ነበር። በ2004 ጸደይ ሐያስያን የፓቪን ናሙና ቀመሱ። አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር ሰማይ ሰቀለው። እንግሊዛዊቷ ጃንሲስ ሮቢንሰን ከ20 የሰጠችው 12 ነው። ከቦርዶ ይልቅ የፖርቱጋሉን ጣፋጭ ፖርት ይመስላል አለች። ሁለት ሰው፣ አንድ በርሜል። ጠቡ ወራት ፈጀ። የጎዳው ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ወይኑን የማያውቅ ሁሉ አወቀው።

ፓርከርን ሳያነሱ ስለዚህ ሳምንት ማውራት አይቻልም። የሜሪላንድ ጠበቃ ነበር። በ1978 የራሱን የወይን ጋዜጣ ማዘጋጀት ጀመረ። የ1982 ምርት በርሜል ላይ ሳለ አንዳንድ አንጋፋ ቀማሾች «ከመጠን በላይ በስሏል፣ አይቆይም» ሲሉ እሱ ታላቅ ዓመት ነው ብሎ ጻፈ። ሰምተው የገዙት አተረፉ። ከዚያ ወዲያ አንዳንድ ቤት ዋጋ ከማውጣቱ በፊት የሱን ነጥብ መጠበቅ ጀመረ። ነጥቡ ከ100 ነው ይባላል። የሚጀምረው ግን ከ50 ነው። ስሙን የጻፈ ተማሪ 50 በነጻ ያገኛል እንደማለት። ለበርሜል ናሙና አንድ ቁጥር አይሰጥም፣ «ከዚህ እስከዚህ» ነው የሚባለው። ይህችን ጥንቃቄ ሻጮች ማስታወቂያ ላይ ሲደርሱ ይረሷታል፣ ትልቁን ቁጥር ብቻ ያነሳሉ። ፓርከር በ2019 ጡረታ ወጣ። ዘዴው አልወጣም። አሁን አንድ ፓርከር ሳይሆን አሥር አሥራ አምስት ትናንሽ ፓርከሮች አሉ።

ማታ ሆቴል ግማሽ ጠርሙሱን ከፈትነው። እርሳሱ አለ። ፍሬው ቀነስ ብሏል። ጋሼ ጻፉ፣ አላሳዩኝም።

ሐሙስ

ሻርትሮን ሰፈር። ድሮ የወይን ነጋዴዎች መጋዘን የነበረበት የወንዝ ዳር ነው፣ አሁን አብዛኛው ካፌና የዕቃ መሸጫ ሆኗል። ቀጠሯችን ከአንድ ነጋዴ ቢሮ ነበር።

የቦርዶ አሻሻጥ ለአዲስ ሰው ግራ ያጋባል። ወይን ቤቱ ለእኛ አይሸጥም። ለነጋዴ ይሸጣል። በመሐል ደላላ አለ፣ ኩርቲዬ ይሉታል፣ ኮሚሽኑ 2 በመቶ ነው። ነጋዴው ለአስመጪ፣ አስመጪው ለሱቅ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ «ላ ፕላስ» ይሉታል፣ «አደባባዩ» እንደማለት። አደባባይ የሚባል ቦታ ግን የለም። ስልክና ኢሜይል ነው። ጋሼ ሲሰሙ ሳቁ፦ «በዚህ ሁሉ ሥልጣኔ መጨረሻው ደላላ!»

ታላቁ ላቱር በ2012 ከፕሪመር ሽያጭ እንደሚወጣ አስታወቀ። ወይኑን ጓዳው አስቀምጦ ለመጠጥ ሲደርስ ነው የሚሸጠው። አቅም ያለው ይችላል። አነስተኛው ቤት ግን የዛሬው ገንዘብ ከሌለ የሚቀጥለውን ዓመት በርሜል የሚገዛበት የለውም። አንዱ አዲስ በርሜል ከ700 ዩሮ በላይ ነው።

ከዚህ ከሚያብረቀርቀው ሳምንት ጀርባ ሌላ ቦርዶ አለ። ርካሹን ቀይ የሚያመርቱት ገበሬዎች ወይናቸው አልሸጥ ብሏቸዋል። በዲሴምበር 2022 ከተማው ውስጥ ሰልፍ ወጡ። በ2023 መንግሥት ወይናቸውን ለሚነቅሉ በሄክታር 6,000 ዩሮ ሊከፍል ነበር፣ የታሰበው 9,500 ሄክታር ገደማ ነበር። ይህን የነገረኝ ነጋዴው አይደለም። ማክሰኞ መንገድ ጠፍቶን የጠየቅነው የትራክተር ሾፌር ነው። ስለ ነጥብ ስጠይቀው ትራክተሩን አስነሳ።

ነጋዴው ኮምፒውተሩን ወደኛ አዞረ። የኛ ወይን ላይ ሁለት የመጀመሪያ ግምገማዎች ወጥተዋል። ጋሼ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ቀምሰዋል አሁን» አልኳቸው። እጃቸውን አወረዱ።

አንዱ እንዲህ ይላል፣ በኔ አማርኛ፦ ጥብቅ፣ ደረቅ፣ ፍሬው ለታኒኑ አይበቃም፤ 87 እስከ 89። ሌላው፦ የዚህ ቤት የእስከዛሬው ምርጥ፣ ጥርት ያለ፣ ረጅም፤ 92 እስከ 94። የመጀመሪያውን የጻፈው ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ከጎናችን የቆመው ሰው ነው። ፎቶው አለ። ሁለተኛዋ ቤቱ ድረስ ሄዳ ቀምሳለች።

ነጋዴው የመጀመሪያውን ቶሎ አሳለፈው። «ይህኛው አይነበብም» አለ። አይነበብም ያለው ጥቂት ሰው ነው የሚያነበው ለማለት ነው። እኔ ግን ሰውየውን ላወግዘው አልቻልኩም። የጻፈው ያን ቀን አፉ ውስጥ የነበረውን ነው። እኔም ሰኞ ቢጠይቁኝ ያንኑ እጽፍ ነበር፣ እንዲያውም 85። ያስከፋኝ ሌላ ነው። ግማሽ ደቂቃ የፈጀችው ቁጥር ላይ «ናሙናው ደክሞ ሊሆን ይችላል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨመር ምን ነበረበት?

ዋጋው ገና አልወጣም። ነጋዴው ከአምናው ከፍ ይላል ብሎ ይጠብቃል። «ዓመቱ ታላቅ ነው» አለ። ጋሼ በአስተርጓሚያቸው በኩል «በ2010ም ታላቅ ነው ብላችሁኝ ነበር» አሉት። ያን ዓመት ነጥብ አይተው በውድ ገዙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ወይን ፍራንክፈርት ሱቅ ውስጥ እሳቸው ከከፈሉት ባነሰ ተደርድሮ አገኙት። ነጋዴው ሲስቅ ጋሼ አልሳቁም። አሥር ካርቶን ያዙልኝ አሉት፣ ዋጋው ካለፈው ዓመት በአሥር በመቶ ካለፈ ግን አይደውልልኝ። ይህን ስተረጉም ድምፄን ትንሽ አለሰለስኩት። አወቁብኝ።

ዓርብ

ባቡራችን ከሰዓት ነው። ጠዋት ሲቴ ዱ ቫን የሚባለውን የወይን ሙዚየም አየን። በ2016 የተከፈተ፣ ወይን መገልበጫ ማሰሮ የሚመስል ሕንፃ ነው። ቲኬቱ ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ብርጭቆ ወይን ይጨምራል። ጋሼ ብርጭቆውን ይዘው ከተማውን ቁልቁል እያዩ ቆዩና በስተመጨረሻ ውሃ ጠየቁ።

ወደ ሆቴል ተመልሰን ሻንጣ ስንዘጋ ግማሽ ጠርሙሱ ትዝ አለን። መስኮቱ ሥር ቆሟል፣ ከተከፈተ ሦስተኛ ቀኑ። ከጠርሙሱ አንድ አራተኛ ያህል ነው የቀረው። የመታጠቢያ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ቀዳሁት። ካሲሱ ጠፍቷል። እርሳሱም። ሌላ ነገር መጥቷል፣ ቆዳና ደረቅ ቅጠል፣ ከዝናብ በኋላ ያለ ጫካ ዓይነት። የሚይዘው ነገር ግን ለስልሷል። ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ ቀመሱ።

«ስንት ትሰጪዋለሽ?»

«ለየትኛው ጋሼ? ለሰኞው፣ ለማክሰኞው ወይስ ለዚህ?»

ማስታወሻ ደብተራቸውን ሰጡኝ። ሰኞ የጥያቄ ምልክት። ማክሰኞ፣ «ይይዛል፣ ይለቃል»። ረቡዕ፣ «ዛሬ ደክሞታል፣ እኔም»። ሐሙስ የሁለቱ ሐያስያን ቁጥር፣ ሁለቱም በእርሳስ ተሰርዘው። የዛሬው ቦታ ባዶ ነው። እስክሪብቶውን ተቀብለው «ሃያ ካርቶን» ብለው ጻፉና ደብተሩን ኪሳቸው ከተቱ።

የተረፈውን ጭላጭ ማጠቢያው ሳህን ላይ ደፋሁት። ነጩ ሸክላ ላይ ሐምራዊ ቀለበት ሠራ። በውሃ አልለቅ አለ። በሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በመጨረሻም በጨው ሞከርኩ፣ ጨዉን ጋሼ ከቁርስ ጠረጴዛ አምጥተውልኝ። ታክሲው ታች ጡሩንባ ሲነፋ ቀለበቱ እዚያው ነበር፣ ትንሽ ገርጥቶ። ለጽዳት ሠራተኛዋ የይቅርታ ወረቀት ጻፍኩና ሥሩ አምስት ዩሮ አስቀምጬ ወረድኩ።